የሚዳሰስ ግድግዳ፦ ኤልያስ ስሜና የግልጋሎት ጥያቄ

«ጥበብ» በቋንቋችን ሰፊ ግዛት ያለው ቃል ነው። በቀሚስ ጠርዝ ላይ የሚወርደው የሸማኔ ሥራ ጥበብ ይባላል፤ የሰሎሞን ማስተዋል ጥበብ ይባላል፤ በዐውደ ርእይ አዳራሽ የሚሰቀለው ሥዕልም እንዲሁ የጥበብ ሥራ ይባላል። ቃሉ ሦስቱን ሳያበላልጥ በአንድነት ይይዛቸዋል። ቃሉን የፈጠረው ኅብረተሰብ ግን እንደ ቃሉ ለጋስ አልነበረም። ቀጥቃጩን «ቡዳ» እያለ፣ ሸክላ ሠሪዋን ከማዕዱ እያራቀ፣ ሸማኔውን በሙያው እየሰደበ፣ በእነዚሁ ሰዎች የእጅ ሥራ ግን እያረሰ፣ እየበላና እየለበሰ ለብዙ ዘመን ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸው ልማዱ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደነበር ያሳያል፤ ባልተለመደ ስድብ ላይ ዐዋጅ አይነገርምና።

ዘመናዊው የሥነ ጥበብ ትምህርት ወደ አገራችን ሲገባ ይህን ክፍፍል አላፈረሰውም፤ አዲስ ስም ሰጠው እንጂ። ሥዕልና ቅርፃ ቅርፅ «ሥነ ጥበብ» ሲባሉ በርጩማው፣ መሶቡ፣ ጀበናውና ጋቢው «ዕደ ጥበብ» ተብለው ወደ ቱሪስት መደብር ተላኩ። ከዚህ ክፍፍል በስተጀርባ ያለው መስፈርት ሲገለጥ ቀላል ነው፦ የሚያገለግል ነገር ዕቃ ነው፤ የማያገለግል ነገር ጥበብ ነው። ለመሆኑ ይህ መስፈርት ከየት መጣ? ከራሳችን ኑሮ እንዳልመነጨ ግልጽ ነው። መሶቡ ያማረው እንጀራ ስለሚከበርበት ነው። ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለው የጅማ በርጩማ ሦስት እግር ያወጣው ወለሉ ወጣ ገባ ቢሆንም ሦስት እግር ስለማይንገዳገድ ነው፤ መልኩ ከዚሁ ግልጋሎቱ የተወለደ ነው። ማማሩን ከማገልገሉ ለይቶ ማሰብ ለጠራቢው ትርጉም የሌለው ነገር ነው።

ስለ ኤልያስ ስሜ መጻፍ ያስፈለገን ይህን ጥያቄ ከማንኛውም የዘመኑ ቀራፂያችን በበለጠ አጥብቆ የያዘው እርሱ በመሆኑ ነው። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለባቸው በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኤልያስ በ1968 አዲስ አበባ ተወልዶ በ1990 ከአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመርቋል። በ2019 የስሚዝሶኒያን የአፍሪካ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ሸልሞታል፤ በ2022 ደግሞ በቬኒስ ቢየናሌ ዋናው ዐውደ ርእይ ላይ ሥራዎቹን አቅርቧል። ሽልማት መዘርዘር የሂስ ሥራ ስላልሆነ በዚህ እንለፈው። «ሠዓሊ» የሚሉት አሉ፤ ሥራዎቹ ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀሉ አይፈረድባቸውም። እኛ «ቀራፂ» ያልነው ሥራው ሁሉ ከክብደት፣ ከእጅና ከቁስ ስለሚነሣ ነው፤ ቀለም የሚያገኘው ከቆርቆሮ አይደለም፣ ቁሱ ራሱ ይዞት ከመጣው መልክ ነው።

የመጀመሪያ ሥራዎቹ ክርና ቁልፍ ናቸው። በሸራ ላይ በመርፌ እየተሰፋ፣ ክር ከክር ጎን እየተጋደመ፣ የልብስ ቁልፍና የወዳደቀ ፕላስቲክ እየተጨመረበት የሚያድግ ገጽ ነው። ይህን ሙያ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አያስተምረውም፤ በየቤቱ እናቶች ጨርቅ የሚጥፉበት፣ ትራስ የሚጠልፉበት ሙያ ነው። በ2009 በካሊፎርኒያ ሳንታ ሞኒካ የተከፈተው ዐውደ ርእዩ ስለ መርፌ ዓይንና ስለ ልብ ዓይን የሚያወሳ ርእስ የተሰጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። መርፌው ጠጋኝ መሣሪያ ነው። ኤልያስ ግን የሚጠግነው የተቀደደ ልብስ የለም፤ መጠገንን ራሱን፣ ያንን ትዕግሥተኛ የእጅ ምልልስ፣ ከጥቅሙ ነጥሎ ለዓይን ያቀርበዋል። በዚህ ደረጃ ከላይ ያነሣነው መስፈርት ገና አልተነካም ማለት ይቻላል፤ የቤት ሙያ ወደ አዳራሽ ገባ፣ ሲገባ ግን ሥራውን በር ላይ ትቶ ነው።

በሰፊው የታወቀበት «ታይትሮፕ» የተባለው ተከታታይ ሥራ ነገሩን ያከብደዋል። ርእሱ ሰው የሚራመድበትን የተወጠረ ገመድ ያመለክታል። በእንጨት ሰሌዳ ላይ የኮምፒዩተርና የስልክ የውስጥ ሰሌዳዎች፣ የፊደል መምቻ ቁልፎች፣ በእጅ እንደ ሹሩባ የተጎነጎኑ የኤሌክትሪክ ሽቦዎች ተደርድረው ሜትሮችን ይሸፍናሉ። ከሩቅ ሲታዩ ከአውሮፕላን የታየ የእርሻ መሬት፣ አንዳንዴም የከተማ ፕላን፣ አንዳንዴ ደግሞ ምንጣፍ ይመስላሉ። ተመልካቹ ሲቀርብ ሜዳው ይበተንና አንዲት የ«አስገባ» ቁልፍ፣ የአንድ ፋብሪካ ቁጥር፣ የተበጠሰ ሽቦ ጫፍ ይገኛል። እነዚህ ነገሮች በሌላ አገር ከተቆፈረ ማዕድን ተሠርተው፣ በሌላ አገር ተገጣጥመው፣ የሰው ደብዳቤና ሒሳብ ተሸክመው ኖረው፣ በመጨረሻ መርካቶ የደረሱ ናቸው።

መርካቶ ስንል ምናለሽ ተራን ማለታችን ነው። ቀራፂው ቁሱን የሚገዛው ከዚያ ነው፤ ነገሩን ሳይመለከቱ በኤልያስ ሥራ ላይ ሂስ መስጠት ደግሞ ግማሽ ሥራ ነው። በምናለሽ ተራ የተሰበረ ሁሉ ሁለተኛ ሹመት ይጠብቀዋል። የመኪና ጎማ በረባሶ ይሆናል፤ ቆርቆሮ ኩራዝና ምድጃ ይሆናል፤ የሽቦ ልባስ ተገፍፎ መዳቡ ለብቻው ይመዘናል። እዚያ የሚሠራው ሰው አንድን ዕቃ ሲያነሣ የሚጠይቀው «ምን ነበረ?» ብሎ ሳይሆን «ምን ይወጣዋል?» ብሎ ነው። እንግዲህ በውጭ አገር ጋዜጦች የኤልያስን ሥራ «ውዳቂን መልሶ መጠቀም» እያሉ የሚያደንቁ ጸሐፊዎች ነገሩን የገለበጡት ይመስለናል። መልሶ መጠቀም የምናለሽ ተራ ሙያ ነው። ኤልያስ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ገና አንድ ዕድል የቀረውን ቁራጭ ከግልጋሎት ሰልፍ ያወጣውና ለዘለዓለም ሥራ ያስፈታዋል። መዳቡ ከእንግዲህ አይቀልጥም። ቁልፉ ከእንግዲህ አይመታም። ይህንን ስንል መውቀሳችን አይደለም። አንድ ነገር ምን እንደ ነበረ ማየት የሚቻለው ሥራውን ሲያቆም ነው፤ ኮምፒዩተሩ እየሠራ ሳለ ዓይናችን ያለው መስኮቱ ላይ እንጂ አንጀቱ ላይ አይደለም።

ወቀሳችን ሌላ ነው። በአንዳንዶቹ የ«ታይትሮፕ» ሰሌዳዎች ላይ ማማር ያሸንፋል። አረንጓዴው ከአረንጓዴ፣ ሰማያዊው ከሰማያዊ እየተመረጠ እጅግ በሠለጠነ ዓይን ሲደረደር፣ ያ ሁሉ ርሳስና ፕላስቲክ፣ ያ ሁሉ በባዶ እጅ የተፈታታ መርዛም ውዳቂ ጸጥ ይላል። ተመልካቹ በለምለም መስክ ፊት ቆሞ ያደረ ያህል ተደላድሎ ይሄዳል። ጥሩዎቹ ሰሌዳዎች ይህን ሰላም የሚያውክ ነገር በውስጣቸው ያኖራሉ፦ ያልተሸፈነ የሽቦ ጫፍ፣ ከመሥመር የወጣ መጋጠሚያ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው የማይጣጣሙ ሁለት ሰሌዳዎች። ይህ በሌለበት ቦታ የቀራፂው ትጋት ወደ ጌጥ ይጠጋል፤ ጌጥ ደግሞ በሀብታም ሳሎን ውስጥ የራሱ የሆነ ግልጋሎት ያለው ዕቃ ነው።

ስለ ዙፋኖቹ አጭር ነገር እንበል። በ2009 ፒተር ሴላርስ ያዘጋጀው የስትራቪንስኪ «ኤዲፐስ ንጉሥ» በሎስ አንጀለስ ፊልሃርሞኒክ ሲቀርብ በመድረኩ ላይ የቆሙት ዙፋኖች የኤልያስ ሥራዎች ነበሩ። ዙፋን እንግዳ ዕቃ ነው። ከመቀመጫነቱ አንጻር ከተመዘነ ከበርጩማ ያነሰ ነው፤ ይከብዳል፣ አይዘዋወርም፣ ወገብም አያሳርፍም። የተሠራው ለተቀመጠበት ሰው ምቾት አይደለምና፤ ቆሞ ለሚያየው ሕዝብ ዓይን ነው። ስለዚህም ከቤት ዕቃዎች ሁሉ መካከል ከመጀመሪያውም ቅርፃ ቅርፅ የነበረው እርሱ ነው ብንል አልተሳሳትንም። ኤልያስ ይህን ዕቃ መምረጡ የዕቃና የጥበብ ወሰን የት እንደሚላላ ማወቁን ያሳያል።

በዚህ ረገድ ከእርሱ ጋር ሊነጻጸር የሚገባው አንድ የአፍሪካ ሥራ አለ፤ «ኬስተር» በሚል ስም የሚታወቀው ሞዛምቢካዊው ክሪስቶቫዎ ካንያቫቶ በ2001 የሠራው «የጦር መሣሪያ ዙፋን» ነው። ከ1977 እስከ 1992 በሞዛምቢክ የተካሄደው የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ በኋላ፣ በ1995 የተጀመረ በቤተ ክርስቲያን የሚመራ ዘመቻ ሕዝቡ የደበቀውን መሣሪያ እያመጣ በምትኩ ማረሻ፣ ብስክሌትና የልብስ ስፌት መኪና እንዲወስድ አደረገ። የተሰበሰበው ጠብመንጃ ተቆራርጦ ለቀራፂያን ተሰጠ። ኬስተር ከቆራረጣቸው ጠብመንጃዎች አንዱም በአፍሪካ አልተሠራም። በወንበሩ መደገፊያ አናት ላይ የቆሙት የጠብመንጃ ሰደፎች በራሳቸው ላይ ባሉት የብሎን ቀዳዳዎችና የማንገቻ ምልክቶች ምክንያት ፈገግ ያሉ ፊቶች ይመስላሉ፤ ፈገግታውን ቀራፂው አልቀረፀውም፣ አገኘው እንጂ። ዙፋኑ በ2002 ወደ ብሪትሽ ሙዚየም ገብቷል። ማንም አይቀመጥበትም፤ ቢቀመጡበትም አይመችም። የኬስተር ኀይል ያለው የቁሱ የቀድሞ ግልጋሎት በአንድ ቃል የሚነገር በመሆኑ ነው፦ መግደል። የኤልያስ ቁስ እንዲህ ቁርጥ ያለ ታሪክ የለውም። ሽቦው ፍቅርም፣ ሐሰትም፣ የባንክ ሒሳብም አስተላልፏል። ስለዚህ ከኬስተር ይልቅ የኤልያስ መንገድ ይረዝማል፤ ለመሳትም የተመቸ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ጸሐፊ ኤልያስን የሚመዝነው በሰሌዳዎቹም በዙፋኖቹም አይደለም፤ በመካኒሳ ባለው በዞማ ሙዚየም ነው። ከአንትሮፖሎጂ ባለሙያዋና ከዐውደ ርእይ አዘጋጇ መስከረም አሰግድ ጋር ለዓመታት ደክመውበት በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተው ይህ ቦታ ቀደም ሲል የተበከለ መሬት ነበር። ዛሬ የአትክልት ስፍራ፣ የሥዕል አዳራሽ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የሕፃናት ትምህርት ቤትና ላሞች ሳይቀሩ ይገኙበታል። ቤቶቹ የተሠሩት በጭቃና በጭድ ነው፤ ግድግዳዎቹ ከውጭ እስከ ጣሪያው ሥር ድረስ እንደ ሥር፣ እንደ ወንዝ፣ እንደ ጣት አሻራ በሚጠማዘዝ ቦይ ተቀርፀዋል። በሰሌዳዎቹ ላይ በሽቦ የሠራው መሥመር እዚህ በጭቃ ተመልሶ ይታያል፤ ወይም ነገሩ በተገላቢጦሽ ነው፣ የሽቦው መሥመር ከመነሻውም የጭቃ መሥመር ነበር።

የጭቃ ቤት ሥራ ምን እንደሚጠይቅ ለማያውቅ የከተማ አንባቢ ጥቂት ማብራራት ይገባል። አፈሩ ተመርጦ ከጭድ ጋር ይቦካል፤ ተረግጦ እስኪበስል ይቆያል። ጭዱ ለማያያዝ ብቻ አይደለም፤ ጭቃው ሲደርቅ ስለሚኮማተር ስንጥቁ በአንድ ቦታ ጎልቶ እንዳይወጣ ጭዱ ይበትነዋል። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ጠጥቶ ሌሊት ስለሚመልሰው እንደ አዲስ አበባ ላለ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ለሆነ ከተማ የሚስማማ ነው። ጠላቱ ውኃ ነው፤ ከላይ የሚወርደውና ከሥር የሚረጨው። ለዚህም ነው ጣሪያው ወደ ውጭ ወጣ ብሎ የሚሠራው፣ እግሩም በድንጋይ የሚነሣው። በዚህ ቁስ ላይ ለመቅረፅ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ሰዓት አለበት። በጣም ርጥብ ከሆነ መሥመሩ ይፈርሳል፤ ከደረቀ አይገባለትም። በመካከል ባለችው አጭር ጊዜ እጅ ሳያመነታ መሥራት አለበት። እብነ በረድ የሚቀርፅ ሰው ማሰቢያ ጊዜ አለው፤ ጭቃ የሚቀርፅ ሰው አስቦ መምጣት ይኖርበታል።

የዕቃና የጥበብ ክርክር በእውነት የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው። ልምድ ያለው መራጊ ግድግዳን የሚያለሰልሰው ለዓይን ብቻ ብሎ አይደለም፤ ውኃ እንዳያርፍበት ነው። የኤልያስ ቦዮች ግን እያንዳንዳቸው ነፋስ ለሚያመጣው ዝናብ ማረፊያ ናቸው። ስለዚህ ውበቱ ከግልጋሎቱ ላይ አንድ ነገር ይወስዳል፤ የሚወስደውንም በእንክብካቤ መክፈል ግዴታ ይሆናል። በበርጩማው ውስጥ መልክና ጥቅም ያለ ጠብ አብረው ሲኖሩ በዞማ ግድግዳ ውስጥ ይሟገታሉ። ይህ ሙግት ለእኛ ጉድለት ሆኖ አልታየንም። «የሚያገለግል ነገር ዕቃ ነው፣ የማያገለግል ጥበብ ነው» የሚለው መስፈርት የሚፈርሰው ሁለቱም በአንድ አካል ውስጥ ሲቆሙና አንዱ ሌላውን ዋጋ ሲያስከፍለው ነው። ግድግዳው ጣሪያ ይሸከማል፤ ሕፃናት ከብርድ ይጠለሉበታል፤ ይህንንም እያደረገ ቅርፃ ቅርፅ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ይህ ጸሐፊ እዚያ ቆሞ ሳለ አንዲት ሴት ልጇን እየጠበቀች በግድግዳው ላይ ጀርባዋን ደገፍ አድርጋ ነበር። በየትኛውም የሥዕል አዳራሽ ቢሆን ዘበኛ ይመጣባት ነበር። እዚህ ግን ሥራው የተሠራለትን ነገር አደረገች።

የሥዕል መምህራን ተማሪዎቻቸውን ወደዚያ ቢወስዷቸው አንድ ቀን በቂ ነው፤ ነገር ግን ከመሄዳቸው በፊት በየሰፈራቸው ያለውን አንድ የጭቃ ግድግዳ ቀረብ ብለው እንዲያዩ ቢታዘዙ እንመርጣለን። ምክንያቱም በዞማ ላይ የሚነሣው ከባዱ ጥያቄ የውበት ብቻ አይደለም። የአዲስ አበባ የቆዩ ሰፈሮች በአብዛኛው የተሠሩት ከዚሁ ቁስ ነው። እዚያ ጭቃው የድህነት ምልክት ተደርጎ ይታያል፤ ነዋሪው አቅም ባገኘ ቁጥር የሚመኘው ብሎኬትና ሲሚንቶ ነው። ከ2024 ጀምሮ በፒያሳና በሌሎች ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲባል ከፈረሱት አሮጌ ቤቶች መካከል የጭቃዎቹ ጥቂት አልነበሩም፤ በፍርስራሹ ላይ የታየው አፈርና ጭድ ከመካኒሳው አፈርና ጭድ የተለየ አልነበረም። ታዲያ አንዱን ከውጭ አገር እንግዳ የሚመጣለት፣ ሌላውን የማይታዘንለት ያደረገው ምንድን ነው? የቀራፂው እጅ ነው ብሎ መመለስ እውነት ነው፤ ሙሉ እውነት ግን አይደለም። ሰፊ ግቢ፣ ደኅና ጣሪያ፣ የሚፈስ ቦይ፣ በጊዜው የሚደረግ ምርጊት፣ ለዚህም የሚበቃ ገንዘብና ሰዓት አሉበት። የጭቃ ቤት የሚያስጠላው ጭቃ ስለሆነ ሳይሆን ተጨናንቆና ሳይጠገን ስለሚኖር ነው። ዞማ ይህን በግልጽ አሳይቷል። ጭቃ ለሠራተኛው ሕዝብ የነገ መኖሪያ ሊሆን ይችላል ወይ የሚለውን ግን አላሳየም፤ ሙዚየም ሆኖ ይህን እንዲያሳይ መጠየቅ ምናልባት ከአቅሙ በላይ ሊሆን ይችላል፣ ሆኖም አድናቂዎቹ ይህን የመለሰ አስመስለው ሲጽፉ ዝም ማለት አይገባም።

ሌላም አለ። ስለ ኤልያስ የተጻፉትን ስናነብ አብዛኞቹ ስለ አንድ እጅ ይናገራሉ። ነገር ግን ሽቦ የሚጎነጉን፣ ጭቃ የሚረግጥ፣ ድንጋይ የሚያነጥፍ እጅ ብዙ ነው። ቀራፂው ከረዳቶች ጋር እንደሚሠራ የታወቀ ነው፤ የጭቃውም ሥራ ያለ ባለሙያዎች የሚሞከር አይደለም። በገጠር ቤት በደቦ ሲሠራ የማን ሥራ እንደሆነ አይጠየቅም፤ በሙዚየም ውስጥ ግን ስም ዋጋ አለው። ሸማኔና ሸክላ ሠሪ ስማቸው ሳይጠራ የኖሩበት አገር ላይ ሆነን፣ የዕደ ጥበብንና የሥነ ጥበብን ወሰን አፈረሰ የምንለውን ሥራ በአንድ ስም ብቻ ካነበብነው ወሰኑን ከሌላ በኩል መልሰን እንተክለዋለን። ይህ በዋነኛነት የቀራፂው ጥፋት አይደለም፤ የእኛ የሐያስያን ነው።

በመጨረሻ ስለ ክረምት። በኒው ዮርክ ወይም በቶሮንቶ ሙዚየም ያለ የሽቦ ሰሌዳ ሙቀቱ ተለክቶ፣ ብርሃኑ ተመጥኖ፣ «አይነካም» ተብሎ ይኖራል። የመካኒሳው ግድግዳ ግን በየዓመቱ ሐምሌና ነሐሴን ማለፍ አለበት። ከጊዜ በኋላ አንዳንዱ ቦይ ይደፈናል፣ አንዳንዱ ጠርዝ ይሸረፋል፣ ይህም አይቀርም። ያን ጊዜ አንድ መራጊ የቦካ ጭቃ በእጁ ይዞ በግድግዳው ፊት ይቆማል። የኤልያስን መሥመር በጣቱ እየተከተለ እንዳለ ይመልሰው ወይስ እንደ ሙያው አለስልሶ የራሱን ያኑርበት? እስካሁን በአገራችን ለዚህ ሥራ የተጻፈ ደንብ የለም።